ኤሊዋ ለምን ዞራ አልሄደችም? ሳይንስን በእንቆቅልሽ ስለሚያስተምሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች የተደረገ ምልልስ

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ መምህር ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ቀድሞ የእርሳቸው ተማሪ የነበረች፣ አሁን ለልጆች የሚሆኑ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን የምትሠራ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት። የሚከራከሩበት ጉዳይ አንድ ልጅ ስክሪን ላይ እንቆቅልሽ እየፈታ የተፈጥሮን ሕግ ሊማር ይችላል ወይ የሚለው ነው፤ እንቆቅልሽ ሲባልም በቃል ተጠይቆ በቃል የሚመለሰው ሳይሆን፣ ነገሮችን በመግፋት፣ በማገናኘትና በማቀናጀት መፍትሔ የሚፈለግለት ችግር ነው።

መምህሩ፦ ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው መዋላቸው በየቤቱ በሚያስመርርበት በዚህ ጊዜ፣ ጨዋታ ሳይንስ ያስተምራል የሚል ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ልጁን ከስክሪኑ ጋር ያጣበቀው ሳይንሱ ነው ወይስ ነጥቡ፣ ድምፁና ቀለሙ? ነጥቡ ከሆነ፣ ሳይንሱ ልጁ ወደሚወደው ነገር ለመድረስ ጥርሱን ነክሶ የሚያልፈው መሰናክል ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ልጅ ጨዋታው በተዘጋ ማግሥት ይረሳዋል።

ባለሙያዋ፦ መምህር፣ ስጋትዎ እውነት አለው፤ እንዲያውም የትምህርት ጨዋታ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ በዚህ ጥያቄ ይወድቃሉ። ልጁ መኪና ሲነዳ ወይም ጠላት ሲያሳድድ ቆይቶ ጨዋታው በድንገት ይቆምና «ውኃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?» የሚል ጥያቄ ከአራት ምርጫዎች ጋር ብቅ ይላል፤ ትክክለኛው ከተነካ መንዳቱ ይቀጥላል። ይህ ኮሶ ጠጥቶ በማር ማወራረድ ነው፤ ማሩ የኮሶውን ምሬት ያስረሳል እንጂ ኮሶውን አያስወድድም።

መምህሩ፦ ጥያቄው ራሱም ጎደሎ ነው፤ መልሱ 100 ተብሎ እንደሚጠበቅ ግልጽ ቢሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እቤቱ ባለ ምድጃ ላይ ቴርሞሜትር ነክሮ ያየ ልጅ ቢኖር፣ እውነቱን መልሶ ነጥብ ይቀነስበታል ማለት ነው።

ባለሙያዋ፦ በትክክል። መለያያው ድንበርም እዚያ ላይ ነው። ቶማስ ማሎን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የኮምፒውተር ጨዋታ ለምን እንደሚያስደስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ሁለት ዓይነት ትስስርን ለይቷል፤ በአንደኛው የጨዋታው ታሪክና የሚፈለገው ዕውቀት ከላይ ብቻ የተለጠፉ ሲሆኑ፣ በሌላው ግን ዕውቀቱ ራሱ የጨዋታው መንቀሳቀሻ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ጄኮብ ሃብጉድና ሻሮን ኤንስዎርዝ «ዞምቢ ዲቪዥን» በተባለ ጨዋታ ይህንን ፈተኑት። በአንዱ ዓይነት፣ የአጽም ጠላቶች ደረታቸው ላይ ቁጥር ተጽፎ ይመጣል፤ ተጫዋቹም ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን መሣሪያ መርጦ ይመታቸዋል። በሌላው ዓይነት ያው ውጊያ ያለ ሒሳብ ይካሄድና የማካፈል ጥያቄው በየደረጃው መጨረሻ ለብቻው ይቀርባል። እኩል ጊዜ ሲሰጥ ይበልጥ የተማሩት በመጀመሪያው የተጫወቱት ልጆች ነበሩ፤ የፈለጉትን እንዲመርጡ ሲለቀቁ ደግሞ ሒሳቡ ከውጊያው ጋር በተዋሐደበት ላይ የቆዩት ጊዜ ከሌላው ሰባት እጥፍ ደረሰ።

መምህሩ፦ ማካፈል ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ለጨዋታ ሕግነት የተመቸ ነው። ሳይንስስ?

ባለሙያዋ፦ ወደ ሳይንስ ከመሻገር በፊት፣ በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆን አንድ የቆየ ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዋረን ሮቢኔትና ሌስሊ ግሪም ለአፕል ቱ ኮምፒውተር «ሮኪስ ቡትስ» የተባለ ጨዋታ ሠሩ። በስክሪኑ ላይ መስቀል፣ ክብ፣ አልማዝና መሰል ቅርጾች፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ፣ በሰልፍ ያልፋሉ፤ ከእነርሱ መካከል ቢመቱ ነጥብ የሚያስገኙ አሉ፣ ቢመቱ ነጥብ የሚያስቀንሱም አሉ። የሚመታቸው አንድ ቦት ጫማ ነው፤ ጫማው ግን በራሱ አያስብም፤ መቼ መምታት እንዳለበት የሚነግረውን ማሽን የሚገጣጥመው ልጁ ነው። ለዚህም ሰማያዊን ብቻ ወይም መስቀልን ብቻ የሚለዩ ጠቋሚዎች፣ ከእነርሱም ጋር «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚባሉ የሎጂክ በሮች ይሰጡታል። የሎጂክ በር ማለት ወደ እርሱ የሚገባውን ምልክት ተመልክቶ የሚወጣውን የሚወስን አነስተኛ የኮምፒውተር አካል ነው፤ «እና» ሁለቱም መግቢያዎች ምልክት ካላገኙ አይከፈትም፣ «ወይም» አንዱ ብቻ ይበቃዋል፣ «አይደለም» የመጣለትን ይገለብጣል። ሰማያዊ መስቀልን ብቻ መምታት የፈለገ ልጅ ሁለቱን ጠቋሚዎች በ«እና» በኩል ከጫማው ጋር ያገናኛል፤ ተሳስቶ በ«ወይም» ካገናኛቸው ጫማው ሰማያዊ የሆነውን ሁሉና መስቀል የሆነውን ሁሉ ይረግጣል፣ ነጥቡም ዓይኑ እያየ ይወርዳል።

መምህሩ፦ የሚያስደንቀው ምኑ ላይ ነው? ያንኑ በሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ ማስተማር ይቻላል።

ባለሙያዋ፦ የሚያስደንቀው ኤሌክትሪኩ መታየቱ ነው። ምልክቱ ባለፈበት ሽቦና በር ሁሉ ብርቱካናማ ቀለም ስለሚሞላ፣ ልጁ ማሽኑ ሲሳሳት ስሕተቱ የት ላይ እንደተፈጠረ በዓይኑ ይከተላል፤ ብርቱካናማው እዚህ ድረስ መጥቶ ለምን ቆመ ብሎ ይጠይቃል። የሠንጠረዡ ተማሪ የተሳሳተ መሆኑን የሚያውቀው መምህሩ ደብተሩ ላይ ኤክስ ሲያደርግበት ነው፤ የጫማው ባለቤት ግን ፈራጅ አያስፈልገውም።

መምህሩ፦ ይህ ሐቅ ነው፤ ሆኖም ግን፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ተዘልሏል። የሎጂክን በር የሠራው ሰው ነው፤ ሕጉን የጻፈው ሰው ስለሆነ ልጁ ስለ እርሱ ቀድሞ የያዘው አስተሳሰብ የለም። ስለ ተፈጥሮ ግን ልጅ ባዶ አእምሮ ይዞ ወደ ክፍል አይገባም። ተማሪ የኒውተንን ሕጎች ሦስቱንም በቃሉ ይወጣል፤ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ገና በማረግ ላይ ሳለች ወደ ላይ የሚገፋት ኃይል አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን፣ ከእጅ ከተለየች በኋላ ያለው ኃይል የመሬት ስበት ወደታች የሚስባት ብቻ መሆኑን ረስቶ፣ አለ ብሎ ይመልሳል። በቃሉ የያዘው ሕግና በሆዱ የሚያምነው ሕግ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ፈተናውን የሚሠራው በአንደኛው፣ ዓለሙን የሚያየው በሁለተኛው ነው። ጨዋታ ወደዚህኛው ሊደርስ ይችላል?

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ጥያቄ ከዳይናተርትል የተሻለ መልስ አይገኝም። ሎጎ የተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1967 በሲይሞር ፓፐርት፣ በዎሊ ፎየርዛይግና በሲንቲያ ሶሎሞን ሲሠራ፣ ኋላ ላይ ታዋቂ ያደረገችው ስክሪን ላይ መስመር እየሣለች የምትሄድ «ኤሊ» ነበረች፤ ልጁ ወደፊት ሲላት ትሄዳለች፣ ቀኝ ሲላት ትዞራለች። በኤም አይ ቲ ይሠራ የነበረው አንድሪያ ዲሴሳ ግን ይህችን ኤሊ ለኒውተን ሕግ ተገዥ አደረጋት። ዳይናተርትል የተባለችው አዲሲቷ ኤሊ ሰበቃ በሌለበት ዓለም ውስጥ ትኖራለች፤ ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ እንቅስቃሴን የሚያዳክመው ተቃውሞ ነው። እርሱ ስለሌለ አንዴ የተገፋች ኤሊ ሌላ ግፊት ካላገኛት በቀር አትቆምም፣ አቅጣጫዋንም አትለውጥም። ተጫዋቹ ያለው ሥልጣን ሁለት ብቻ ነው፤ ፊቷን ያዞራል፣ ፊቷ ወዳለበትም በእርግጫ ይገፋታል። ግቡ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ዒላማ መንካት ነው።

መምህሩ፦ ልጁ ምን ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል?

ባለሙያዋ፦ ኤሊዋ ታች፣ ዒላማዋ ደግሞ ከላይ በስተቀኝ ናት እንበል። በዲሴሳ ጥናት የተሳተፉት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ያደረጉት ሁሉንም የሚያመሳስል ነበር፤ ኤሊዋን ወደ ላይ ረገጧት፣ ከዒላማዋ ጋር እኩል ከፍታ ላይ እስክትደርስ ጠበቁ፣ ከዚያም ፊቷን ወደ ቀኝ አዙረው ረገጧት። እንደ መኪና መንገድ ላይ ዘጠና ዲግሪ ታጥፋ ዒላማዋ ላይ ትወድቃለች ብለው ነበር። ኤሊዋ ግን አልታጠፈችም፤ ሰያፍ ይዛ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ሄደች፣ ዒላማዋንም በላይ በኩል አልፋ ከስክሪኑ ወጣች።

መምህሩ፦ ግሩም ነው! ወደ ላይ የነበራት ፍጥነት የት ሊሄድ ኖሯል? የቀኙ እርግጫ ቀኝ ፍጥነት ጨመረላት እንጂ የላዩን አልወሰደባትም፤ ሁለቱ ተደምረው አርባ አምስት ዲግሪ ሆኑ። ቬክተር የሚባለው፣ መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለው ብዛት የሚደመርበት መንገድ ይኸው ነው፤ ኢነርሺያ የሚባለውም፣ ማለትም አንድ ነገር ያለበትን የእንቅስቃሴ ሁኔታ ይዞ የመቀጠል ባሕርይ፣ ከዚህ የተሻለ አይታይም። ልጆቹ ግን አልሞኙም፤ በሚያውቁት ዓለም ውስጥ ሰበቃ በየቦታው ስላለ፣ የገፉት ሳጥን መግፋቱ ሲቆም ይቆማል፣ ወደ ጎን ሲገፉትም ወደ ጎን ይሄዳል። አርስቶትልም ያሰበው እንደዚያው ነበር።

ባለሙያዋ፦ ዲሴሳ እ.ኤ.አ. በ1982 ላሳተመው ጽሑፍ የሰጠው ርዕስ ስለ አርስቶትል ፊዚክስ መረሳት የሚናገር መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ ፊዚክስ የተማረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዚያው ጨዋታ ሲቀርብ የጀመረው በልጆቹ ስልት ነበር። ሕጉን ያውቃል፤ ጨዋታው ላይ ሲቀመጥ ግን ሕጉ ትዝ አላለውም።

መምህሩ፦ እርሱ የዘወትር ሐዘን ነው። ልጆቹስ መፍትሔውን አገኙት?

ባለሙያዋ፦ መፍትሔው ከአንድ በላይ ነው፣ የጨዋታው ውበትም እዚያ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ኤሊዋ ከዒላማዋ ጋር እኩል ስትሆን ፊቷን ወደ ታች አዙሮ በመጀመሪያው እርግጫ ልክ መርገጥ ነው፤ ያኔ የላዩ ፍጥነት ይሠረዝና ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ መርገጥ ይበቃል። ሌላው ደግሞ እኩል ከፍታ እስክትደርስ ሳይጠብቁ፣ ዒላማዋ በአርባ አምስት ዲግሪ አቅጣጫ ስትታይ አስቀድሞ ወደ ቀኝ መርገጥ ነው። የመጀመሪያውን ያገኘ ልጅ ፍጥነት በራሱ እንደማይጠፋ፣ ሁለተኛውን ያገኘ ደግሞ ፍጥነቶች እንደሚደመሩ ደርሶበታል።

እዚህ ላይ ባለሙያዋ ለሙያዋ ትንሽ ማድላቷ አይካድም፤ «ደርሶበታል» የሚለው ግሥ ከሚሸከመው በላይ እንዲሸከም ተደርጓል፤ መምህሩም ይህ አላመለጣቸውም።

መምህሩ፦ ደርሶበታል ማለት ምን ማለት ነው? ዒላማ የመታ ልጅ ሁሉ የገባው አይደለም። ቁልፉን በዘፈቀደ ሲጫን ቆይቶ አንዱ የሠራለት ልጅና አስቦ የመታው ልጅ ስክሪኑ ላይ የሚያገኙት ነጥብ አንድ ነው። ደግሞም አስቦ የመታው ልጅ እንኳ ያገኘውን ነገር ስም ሳይሰጠው፣ ኤሊዋን ትቶ ወደ ኳስ፣ ወደ መኪና፣ ወደ ጨረቃ መንገድ ሊወስደው ይችላል ወይ?

ባለሙያዋ፦ በዘፈቀደ የሚጫኑትን በተመለከተ፣ የጨዋታ ሠሪዎች ጥቂት መከላከያዎች አሏቸው፤ እርግጫዎቹን በቁጥር መወሰን፣ ወይም ልጁ ኤሊዋ የምትሄድበትን መስመር በጣቱ አስቀድሞ ሣል ተብሎ ከዚያ በኋላ ብቻ እንድትንቀሳቀስ ማድረግ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቫለሪ ሹት ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችው «ፊዚክስ ፕሌይግራውንድ» ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። በዚያ ጨዋታ አረንጓዴ ኳስን ቀይ ፊኛ ጋር ማድረስ ያስፈልጋል፤ ልጁ የሚሠራው በመሣል ነው፣ የሣለው ነገርም ክብደት አግኝቶ ለስበት ይገዛል። መፈንቀያ ለመሥራት በመደገፊያ ላይ ረጅም መስመር ይሥላል፤ ኳሱ በአንዱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ በሌላው ጫፍ ላይ ከባድ ነገር ሥሎ ይጥላል፣ ኳሱም ይወነጨፋል። አልደረሰም? የሚጥለውን ነገር ያተልቀዋል ወይም ከፍ አድርጎ ይጥለዋል። ተዳፋት፣ ፔንዱለምና መወርወሪያ ሰሌዳም እንዲሁ ይሣላሉ። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ሙከራ ይመዘግባል፤ መፈንቀያ በሚሠራበት ቦታ ላይ መፈንቀያ የሣለውን ልጅና ስክሪኑን በጭረት የሞላውን ልጅ ከአካሄዳቸው ይለያቸዋል። ይህ ስውር ምዘና ይባላል፤ ልጁ መፈተኑን ሳያውቅ የሚፈተንበት መንገድ ነው።

መምህሩ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ቀርቷል።

ባለሙያዋ፦ ሁለተኛውን ጨዋታ ብቻውን አይመልሰውም፤ ይህም በጥናት ታይቷል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዲላን አሬናና ዳንኤል ሽዋርትዝ የስታቲስቲክስን ሥርጭት፣ ማለትም ውጤቶች የትኛው ቦታ ላይ እንደሚበዙና የት ላይ እንደሚሳሱ የሚያሳየውን ቅርጽ፣ በሚወርዱ የጠፈር ወራሪዎች አቀማመጥ ውስጥ የደበቀ ጨዋታ ሠርተው ተማሪዎችን አጫወቱ። ጨዋታውን ተጫውተው ብቻ የተፈተኑት ያገኙት ጥቅም በፈተናው ላይ እምብዛም አልታየም። ተጫውተው ከዚያ አጭር የጽሑፍ ማብራሪያ ያነበቡት ግን፣ ሳይጫወቱ ያንኑ ማብራሪያ ካነበቡት በልጠው ተገኙ።

መምህሩ፦ እንግዲያው ጨዋታው ለማብራሪያው ቦታ አዘጋጀ ማለት ነው። ይህ በክፍል ውስጥ የሚደረገውን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ነው። የተለመደው መጀመሪያ ሕጉን ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ቀጥሎ ምሳሌ መስጠት፣ ጊዜ ከተረፈ ሙከራ ማሳየት ነው፤ ጨዋታ የሚገባበት ቢኖርም እንደ ሽልማት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ጥናት መሠረት ግን ኤሊዋ ሰኞ መምጣት፣ ኒውተን ማክሰኞ መጠራት አለበት። ኤሊዋ ለምን ዞራ አልሄደችም ብሎ አንድ ሌሊት የተብሰከሰከ ልጅ ሕጉን ሲሰማ የሚሰማው መልስ እንጂ ትእዛዝ አይሆንም።

ባለሙያዋ፦ ሽዋርትዝና ጆን ብራንስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ የተከራከሩበት ይኸው ነው፤ ለመናገር ጊዜ አለው፣ ጊዜውም ተማሪው ልዩነቶቹን በራሱ ዓይን ካየ በኋላ ነው።

መምህሩ፦ ይሁን እንጂ ስክሪኑ ያለ መምህር በቂ ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ የገጠር መንደሮች ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ልጆች ታብሌቶች በካርቶን እንደታሸጉ ተሰጥተው እንደነበር፣ ልጆቹም በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው መጠቀም እንደጀመሩ፣ የዕቅዱ ባለቤት የሆነው ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግረዋል።

ባለሙያዋ፦ ልጆች መሣሪያን ፈትተው እንደሚቆጣጠሩ ማንም አይጠራጠርም፤ ካሜራ መክፈት ግን ብርሃን በሌንስ ውስጥ ለምን እንደሚታጠፍ ማወቅ አይደለም። ከቁጥጥር ወደ ማብራሪያ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል።

መምህሩ፦ መልካም። የቀረ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሐሰተኛ ፊዚክስ። ፊልምና ጨዋታ ውስጥ ከገደል ጫፍ ያለፈ ሰው አየር ላይ ቆሞ ወደ ታች ካየ በኋላ ይወድቃል። ልጅ ይህንንም ይማራል።

ባለሙያዋ፦ ይማራል፤ ስለዚህም «ዘ ኢንክሬዲብል ማሽን» የተባለው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሲየራ የታተመው ጨዋታ መነሣት አለበት። በእርሱ ውስጥ ተጫዋቹ ገመድ፣ መዘውር፣ ወናፍ፣ ሻማ፣ መድፍ፣ ፊኛና ድመት አቀናጅቶ አንድ ቀላል ሥራ በጣም በተወሳሰበ መንገድ እንዲፈጸም ያደርጋል፤ ለምሳሌ ኳስ የአይጥ ጎጆ ላይ ይወድቃል፣ አይጧ ደንግጣ ስትሮጥ ቀበቶውን ታዞራለች፣ ቀበቶውም ሌላ ነገር ያንቀሳቅሳል። አይጧ እንደ ሞተር መሥራቷ ቀልድ መሆኑን ልጅ ያውቃል። ቁም ነገሩ ግን የስበቱን መጠንና የአየሩን ግፊት መለወጥ መቻሉ ነው፤ ግፊቱ ሲቀየር ፊኛዋ የምትወጣበት ፍጥነት ይቀየራል፣ ስበቱ ሲቀነስ ቀድሞ የሠራው ማሽን ይበላሻል።

መምህሩ፦ እንዲህ ከሆነ ሐሰቱ ራሱ መማሪያ ሊሆን ይችላል፤ የውኃውን መፍላት የሚለውጠው ግፊት እዚህም ፊኛውን ለወጠ። ክፍል ውስጥ «ይህ ጨዋታ የሚዋሸው የቱ ላይ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሞዴል የሚባለውን፣ ማለትም እውነታውን ለመረዳት ሲባል አንዳንድ ነገር ተቀንሶለት የተሠራ ምስል የሆነውን፣ ልጆች ከዚያ በተሻለ መንገድ አይረዱትም። ሰበቃ የሌላት ኤሊም ከዚህ አንጻር የዋሸች ናት፤ ውሸቷ ግን ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው።

ባለሙያዋ፦ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኮሎራዶ ቦልደር እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው፣ በፊዚክስ የ2001 የኖቤል ተሸላሚ በሆኑት በካርል ዋይማን የተመሠረተው ፌት የተባለ ሥራም እንዲህ ዓይነት ምርጫ ያደርጋል፤ የኤሌክትሪክ ዑደት በሚሠራበት ገጽ ላይ ኤሌክትሮኖች በሽቦው ውስጥ ሲጓዙ እንደ ትናንሽ ኳሶች ይታያሉ። ይህ ጨዋታ ሳይሆን ሲሙሌሽን፣ ማለትም ተፈጥሯዊ ሂደትን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሥራ ነው፤ ነጥብና ዒላማ የለውም፣ ዒላማውን የሚያቀርበው መምህሩ ነው።

መምህሩ፦ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስክሪንን የሚያውቁት ግን በሌላ መልኩ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለው ፕላዝማ ትምህርቱን በሳተላይት ከአንድ ማእከል በእንግሊዝኛ ያስተላልፍ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ያሉት አስተማሪ «አሁን ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይሉና የተወሰነላቸው ደቂቃ ሲያበቃ፣ ክፍሉ ሠራም አልሠራም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር «ቆይ» ቢል የሚሰማው የለም። ስክሪን ሲባል ብዙ መምህራን ፊታቸውን የሚያጨፈግጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አይፈረድባቸውም።

ባለሙያዋ፦ ጨዋታው የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ኤሊዋ ተጫዋቹ እስኪረግጣት ድረስ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃለች። ነገር ግን ሌላ እንቅፋት አለ፤ አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ልጅ የሚደርስበት ክፍል በብዙ ቦታ የለም።

መምህሩ፦ ኮምፒውተሩ አንድ፣ ልጆቹ አምስት፤ አንዱ ይጫወታል አራቱ ይጋፋሉ። ይህ ለጨዋታው ሞት አይደለም?

ባለሙያዋ፦ እንደዚያ ተብሎ ይታሰባል፤ በካናዳ ቫንኩቨር የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ኮሪ ኢንክፐን፣ ማሪያ ክላዌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ጥናት ልጆችን «ዘ ኢንክሬዲብል ማሽን» አጫወቷቸው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሆነው የተጫወቱት፣ ለየብቻቸው ከተጫወቱት ይበልጥ እንቆቅልሾችን ፈቱ። ሴት ልጆች ደግሞ ሁለት ኮምፒውተር ተሰጥቷቸው ጎን ለጎን ከተቀመጡበት ይልቅ በአንዱ ላይ አብረው ሲሆኑ የበለጠ ሠሩ።

መምህሩ፦ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብቻውን ያለ ልጅ የሚያስበውን አይናገርም፤ ጓደኛው ማውሱን የያዘበት ልጅ ግን መዘውሩን እዚያ አታድርገው ለማለት ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ምክንያት ማቅረብ ሲጀምር ደግሞ ወደ ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ደርሷል።

ባለሙያዋ፦ ማውሱ የሚተላለፍበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ምዕራፍ ሁለት ደንቦች ተፈትነው ነበር፤ በአንደኛው የያዘው ልጅ ራሱ ፈቅዶ ይሰጣል፣ በሁለተኛው ያልያዘው በፈለገ ጊዜ ይወስዳል፤ የትኛው ደንብ መመረጡ በልጆቹ ውጤት ላይ ልዩነት አሳየ። ስለዚህ ለብዙ ልጆች አንድ ማሽን የሚሠራ ሰው ማውሱ እንዴት እጅ እንደሚለውጥ ከጨዋታው ሕግ እንደ አንዱ አድርጎ መንደፍ አለበት።

መምህሩ፦ ጥናቱ ስለ ሁለት ልጆች ነው፤ ስለ አምስት አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ስለ አምስት በተግባር መሞከር ይኖርበታል። አንድ ሐሳብ አለ፤ ኤሊዋን የሚረግጠው ልጅ ከመርገጡ በፊት ሌሎቹ አራቱ የምትሄድበትን መስመር እያንዳንዳቸው በየወረቀታቸው ይሥላሉ፣ ኤሊዋ ከሄደች በኋላ ትክክል የሣለው ማውሱን ይረከባል፤ ከአንድ በላይ ትክክል ከሆኑ ብዙ ጊዜ ያልያዘው ይቀድማል። በዚህ መንገድ መቀመጫ ላይ ያለው ብቻ ሳይሆን ቆሞ የሚያየውም ይገምታል።

መምህሩ፦ ወረቀቶቹ እንዳይጣሉ፤ ስም ተጽፎባቸው ይሰብሰቡ። ሰሌዳው ላይ ሰኞ ምንም አይጻፍም። ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያ የሚለጠፉት እነዚያው የተሳሳቱ መስመሮች ይሆናሉ፤ ክፍሉ ዘጠና ዲግሪ የታጠፉትን በአንድ ወገን፣ ሰያፍ የሄዱትን በሌላ ወገን ለይቶ ከተከራከረ በኋላ የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ይጻፋል። ፕሮግራሙን በአማርኛ ማዘጋጀት ምን ያህል ይከብዳል?

ባለሙያዋ፦ ኤሊዋ የምታውቀው ሦስት ትእዛዝ ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ርገጥ። ከእነርሱ ሌላ የሚነበብ ነገር የለባትም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ችግሩ ቋንቋው ሳይሆን መብራቱ ነው፤ ሰኞ መብራት ከጠፋ ኤሊዋ በኖራ ወለል ላይ ተሥላ፣ ልጆቹ ራሳቸው እየተራመዱ እንዲጀምሩ አንድ ተለዋጭ መንገድ ከአሁኑ አብሮ ይታሰብበት።